ለቁርጥማት ያስተኮስናት

ነገሌ ቦረና፣ ኅዳር 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለኢፋ፤

ናጋ ነህ ወይ፣ ሰላም ነህ ወይ? ሰውነትህ፣ ሥራህ፣ አብረውህ የሚያድሩት ሁሉ ናጋ ናቸው ወይ? ናይሮቢ አትክበድህ፤ የምትጠብቀውን የስደተኛ ጉዳይ አላህ በመልካም ያሳይህ። እኛ ዘንድ የሐጋያ ዝናብ በልኩ ጥሏል፣ ሳሩም ወጥቷል። የሱቄ ሥራም ይሄዳል። እንደ ወጉ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል ግን የእናትህ ነገር ያዘኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን እናትህን አዮ ዲንኪቱን ከከብት ገበያው ማዶ፣ የመኪናው መንገድ ላይ አገኘኋት። ጫማ የላትም። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። ወዴት ነው ብላት ፈገግ አለችና መንገዷን ቀጠለች። እኔን ከማወቅ ካቆመች ሰንብታለች፤ ይኼን ታውቃለህ። እጇን ይዤ ቤቴ ወሰድኳትና አጠብኳት። ጀርባዋና ክንዷ ላይ በጋለ ብረት የመተኮስ ጠባሳ አየሁ፤ አንዳንዱ የዳነ ነው፣ አንዳንዱ ገና እርጥብ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አልደነገጥኩም። እዚህ አገር ያልተተኮሰ ሽማግሌ የት አለ? የአባቴን ጉልበት ታስታውሳለህ። ወንድምህ ዲሪባ ሊወስዳት ሲመጣ ብጠይቀው፣ “ለቁርጥማት ያስተኮስናት ነው፣ ኢፋም ያውቃል” አለኝ። ገመዱን ደግሞ ከመንገድ መኪና ልጠብቃት ብዬ ነው አለ። በትሕትና አመስግኖኝ ጋሪ ላይ አወጣት። ብቻ ሲይዛት አንገቷን ቀብራ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰበሰበች።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ዕቃ ሲያነሣ እጁን ነው የማየው። ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። ማስተኮሱን ታውቃለህ? ተኳሹ ማን ነው? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ደጋግሞ? በቴሌ ቢሮ ወረፋ መሐል የምጮኸው ነገር ስላልሆነ በጽሑፍ መልስልኝ። ደብዳቤውን ከብት ወደ ሞያሌ የሚጭነው ሹፌር ዓብዱልወሃብ ያመጣልኛል።

ሰላም ያገናኘን።
ፎዚያ


ናይሮቢ፣ ጥር 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፎዚያ፤

ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ፤ ሱቅሽን ይሙላው፣ ልጆችሽንም ለወግ ያብቃልሽ። ደብዳቤሽ ሞያሌ ሰንብቶ ነው የደረሰኝ።

ማስተኮሱን ዲሪባ ነግሮኛል። ወገቧንና ጉልበቷን እያመማት እንቅልፍ አጣች፣ ኦቦ ኩራ ይተኩሷት ወይ ብሎ በስልክ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩ። አባታችንን የተኮሱት እሳቸው አይደሉም? ከዚያ በኋላ ግመል ሲከተል እኛ አንደርስበትም ነበር። ዲሪባ ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ሚስቱ ለመውለድ ክብረ መንግሥት ወላጆቿ ዘንድ ከሄደች ወዲህ የሚጦራት ብቻውን ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ እሱን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወደ አውስትራሊያ የሚወስደኝ ጉዳይ ቃለ መጠይቅ ላይ ደርሷል። ከቀበሌ የልደት ወረቀቴን፣ ከቤት ደግሞ የአባቴን ፎቶግራፍ ፈልገሽ ላኪልኝ። የእናቴን ነገር ከቤት አታውጪው፤ ዲሪባን በእህትነት ምከሪው፣ ይሰማሻል።

ትበላለች ወይ? ስሜን ታነሳለች?

ወንድምሽ ኢፋ


ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢፋ፤

ሰላምታዬ ከቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታ ጋር ይድረስህ። የልደት ወረቀቱንና ፎቶግራፉን ዓብዱልወሃብ ይዞልሃል። የምነግርህ ብዙ ስለሆነ ከዕለት ማስታወሻዬ እያየሁ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ኦቦ ኩራ ጨው ሊገዙ መጡ። የአክስቴ ቁስል እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። የትኛዋ አክስትሽ አሉኝ። አዮ ዲንኪቱ ስላቸው ሳቁ። “የሷን ባል ነው የተኮስኩት። እሷን አልነካኋትም። አልጠሩኝም” አሉ። ጀርባዋ ላይ ያየሁትን ነገርኳቸው። እሳቸው የሚያመው መገጣጠሚያ ላይ በቀጭን ዘንግ ነጥብ ነጥብ አድርገው እንጂ ሥጋ ላይ እንደማይተኩሱ፣ የአሮጊት ቆዳ ላይ ደግሞ እንደማይደግሙ ነገሩኝና ጨዋቸውን ሳይወስዱ ወጡ።

ዲሪባ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ቆመ፤ ግቢ አላለኝም። ተኝታለች አለ። ድምጿ ግን ከጓሮ ይሰማል። እናትን ያለ ልጇ ፈቃድ ከቤት ይዞ መውጣት እንደማይቻል አውቃለሁ። ከዚያ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

መግቢያው ላይ ያለው ፖሊስ፣ “እሜቴ፣ ይኼ የሽማግሌ ነገር ነው፣ ቤታችሁ ጨርሱት” ብሎ ሊመልሰኝ ነበር። ከውስጥ አንዲት ሴት ሰማችና ጠራችኝ። ሳጅን ዱረቲ ትባላለች፤ ከወለጋ የመጣች፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ኃላፊ ናት። ማን አደረገው ብላ ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ፣ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ እንድናገር አዘዘችኝ። ከሰው የሰማሁትን ለብቻው ጻፈች። የገመትኩትን ልናገር ስል ብዕሯን አስቀመጠች። “እሱን ለኔ ተዪልኝ” አለች።

የዚያኑ ዕለት ከቀበሌ ሴት ጋር ቤቱ ገባን። ዱረቲ ማንንም አልተቆጣችም። ዲሪባን እንደ እንግዳ ሰላም ብላ እናትህ የምትተኛበትን ቦታ፣ ውኃው ከእጇ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የጓሮው ክፍል መወርወሪያ በውጭ በኩል መሆኑን እያየች በእርሳስ ነደፈች። ገመዱን ከነቋጠሮው በወረቀት ጠቀለለችው። እንዳይፈታ ቋጠሮውን አልነካችም።

ሆስፒታል ጤና መኮንኑ ልብሷን አስወልቆ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ጣት አያት። ለያንዳንዱ ጠባሳ የት እንዳለ፣ ስፋቱን፣ አዲስ ይሁን አሮጌ ጻፈ። በጋለ ብረት የደረሰ ቃጠሎ ነው አለ፤ ማን አደረገው የሚለውን አልጻፈም። ብናደድ ዱረቲ የሱ ሥራ አይደለም አለችኝ። ጣቢያው ካሜራ ስለሌለው ከጦር ሠፈሩ በር ላይ ፎቶ ቤት ያለውን እንዳሻው የሚባለውን ሰው አስጠራች። የሠርግ ፎቶ የለመደ ሰው ነው፤ ጀርባዋን ሲያይ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ዱረቲ ከየቁስሉ አጠገብ የክብሪት ቀፎ እያስቀመጠች አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ አስነሣችው። ትልቅነቱ እንዲታወቅ ነው። አንዱን ደግሞ ከፊቷ ጋር አስነሣችው፣ የሌላ ሰው ገላ ነው እንዳይባል። ከዚያ እኔ ሱቅ ያለውን፣ ተማሪዎች ደብተር የሚለብዱበትን፣ ውስጡን የሚያሳየውን ነጭ ላስቲክ አስመጥታ ቁስሉ ላይ በቀስታ አነጠፈችና ዙሪያውን በእስክሪብቶ ገለበጠችው።

ዱረቲ የእናትህን ቃል የተቀበለችው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሐሳቧ የሚሰበሰበው ጠዋት መሆኑን ከኔ ሰምታ። እኔን አስወጣችኝ። ቅር ብሎኝ ስከራከር፣ “አንቺ ካለሽ አንቺን ደስ የሚልሽን ትናገራለች” አለችኝ። በኋላ አነበበችልኝ። ቃሉ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፤ እኔና አንተ በቁቤ ስላልተማርን በአማርኛ እነግርሃለሁ። አዮ ዲንኪቱ መጀመሪያ ወደቅኩ አለች። ቆይታ ጅብ ነከሰኝ አለች። ሌላ ነገር ሲያወሩ ቆይተው ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት፣ “አትውጪ ብሎ ነው። እሳቱን ሲያነሣ አልወጣም እለዋለሁ፤ ከዚያ እረሳለሁ” አለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለምን አትተያቸውም ብዬ ዱረቲን ለመንኳት። “ጠበቃው ያገኛቸዋል። ዛሬ ከደበቅኳቸው ሦስተኛውንም ማንም አያምነኝም” አለች።

ዲሪባ ታስሯል። እናትህ እኔ ቤት ናት፤ ትበላለች። የሱ መከላከያ አንተ ነህ፤ ኢፋ ፈቅዶ ለሕክምና ነው ያስተኮስኳት ይላል። ዱረቲ ካንተ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ዲሪባ ምን ብሎ እንደጠየቀህ፣ የማንን ስም እንደጠራልህ፣ አንተ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደፈቀድክ ጽፈህ ፈርምበት።

በቶሎ እጠብቃለሁ።
ፎዚያ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፎዚያ፤

ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰብዎን አምላክ ይጠብቅ።

የጻፉልኝን አንብቤያለሁ። የጎሳ ሽማግሌዎቻችንም ደውለውልኛል። የእናቴን ገላ ለፎቶ አንሺ ማስገለጥዎን ከእነሱ ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ። በእኛ ዘንድ እናት እንዲህ አትደረግም። ነገሩ ጥፋት ካለውም ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በሬ ታርዶ፣ ጥፋተኛው ምሎ ያልቃል።

ወንድሜ ቢፈረድበት እናቴን የሚጦራት ማን ነው? እርስዎ ነዎት? እስከ መቼ? ወንድሙ በእናቱ ጉዳይ የታሰረ ሰው ነው መባሉ የኔንስ ጉዳይ ምን እንደሚያደርገው አስበውታል?

ማስተኮሱን የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ይኼንኑ ጽፌ በፊርማዬ ለሽማግሌዎቹ ልኬአለሁ። ክሱን እንዲተዉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሌላ የማስቸግርዎ ነገር የለኝም።

ኢፋ


ነገሌ ቦረና፣ ሰኔ 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለኢፋ፤

ደህና ነህ ወይ? አንቱታህን ተቀብያለሁ።

ወረቀትህ ሠርቷል። ሽማግሌዎቹ ለዐቃቤ ሕጉ አቀረቡት፤ የሐኪሙ ማስረጃ ቃጠሎ ይላል እንጂ ግፍ አይልም፣ ልጁ ለሕክምና ፈቅጃለሁ ብሏል፣ እሷም ጅብ ነከሰኝ ብላለች ተባለ። ዲሪባ በዋስ ወጣ። በሬ ታረደ፤ ዳግመኛ እጁን እንዳያነሣባት ማለ። እናትህን ከቤቴ ወስደው ለሱ መለሷት። እኔ ዘመድ ከዘመድ የምታጋጭ ተብዬ ደጃቸው እንዳልደርስ ተነገረኝ። ሄጄ ነበር፤ አጥሩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ መቷል፤ ምንም አይታይም።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እነሱም እንደኔ የተተኮሰ ገላ ለምደዋል።

ዱረቲን፣ እንግዲህ አለቀ ወይ አልኳት። መዝገቡ አልተዘጋም፤ ግን ከኦቦ ኩራ ቃል ሌላ የያዝኩት የለም፣ እሳቸውንም ሽማግሌ ናቸው ረስተው ነው ይሏቸዋል አለች። ከዚያ ላስቲኮቹን አወጣች። እስከዛሬ የእያንዳንዱን ቁስል መልክ ለየብቻ ነበር የምታየው። የጀርባውንና የክንዱን አንዱን ባንዱ ላይ ስትደርብ ግን መስመሩ ገጠመ፤ ሁለቱም የአንድ ብረት ግማሽ ግማሽ ናቸው። ራሱ እንደ ከዘራ የታጠፈ ነው፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ደግሞ የሚያቋርጠው አጭር ሰረዝ አለው። የምንድን ነው አለችኝ፣ አላወቅሁም። እንዳሻውም አላወቀም፤ ብረት ቀጥቃጩም የምጣድ ማንሻ ይሆን እንዴ አለ።

ላስቲኩን አልሰጠችኝም። እሷ ፊት በወረቀት ገለበጥኩት። በልኩ ነው፣ አላሳነስኩትም አላሳደግኩትም። ምናልባት ከቤታችሁ ዕቃ ከሆነ ብዬ ልኬልሃለሁ። ፎቶውን አላክኩም፤ የእናትህን ገላ እንድታይ አላስገድድህም። መስመሩን ብቻ እየው።

ፎዚያ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፎዚያ፤

ሰላምታ የምጀምርበት ፊት የለኝም፤ ቢሆንም አላህሽ ይጠብቅሽ።

ወረቀትሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሳየው ነው ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ሁሉ እንዳላወቅሁት ሆኜ ለመኖር የሞከርኩበት ነው። አልሆነልኝም።

የአባቴ የግመል ምልክት ነው። የከዘራው ቅርጽ የአባቱ ነበር፤ ሰረዟን የጨመረው አባቴ ነው፣ ከወንድሞቹ መንጋ እንዲለይ። እኔና ዲሪባ ልጆች ሆነን ግመሉን አስረን እኔ እግሩን ስይዝ እሱ ነበር የሚያትመው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም ይባል ነበር። ግመሎቹ በድርቁ ካለቁ ወዲህ ምልክቱን ያየ ሰው የለም፤ አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ከየት ታውቂዋለሽ? በዚያ ብረት ሰው አይታከምም። ኦቦ ኩራ ቢያዩት ኖሮ ይነግሩሽ ነበር። ብረቱ ካልተጣለ የጓሮው ክፍል ጣሪያ ሥር፣ ማገሩ ላይ ተሰክቶ ታገኙታላችሁ።

ይኼን ሁሉ ጽፌአለሁ። ጉልበቷንና ወገቧን ብቻ፣ በኦቦ ኩራ እጅ ብቻ እንደፈቀድኩም ጽፌአለሁ። የመጀመሪያውን ወረቀቴን ሽሬዋለሁ። ከውጭ አገር የተጻፈ ቃል ማኅተም ከሌለው ፍርድ ቤት አይቀበለውም ስላሉኝ ኤምባሲያችን ሄጄ አስመታሁ። አገሬ ያሳድደኛል ብሎ ያመለከተ ስደተኛ በገዛ እግሩ የአገሩን ኤምባሲ በር ከረገጠ ጉዳዩ ምን እንደሚሆን አውቄ ነው የገባሁት። አውስትራሊያን እርሺው፤ ስለሱም አትጠይቂኝ።

ከዚያ ቤት አውጧት። ሌላ የምለምንሽ የለኝም።

ኢፋ


ነገሌ ቦረና፣ ኅዳር 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢፋ፤

ናጋ ነህ ወይ? በዚያ ያሉህ ሁሉ ናጋ ናቸው ወይ? የዘገየሁት ፍርዱ ሳይሰጥ ላለመጻፍ ብዬ ነው።

ወረቀትህ እንደ ደረሰ ዱረቲ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዛ ገባች። ብረቱ ያልክበት ቦታ ነበር። ከላስቲኩ ላይ ስታስተኛው ገጠመ። ኦቦ ኩራም ችሎት ቀርበው አይተውት፣ “ይኼ የእንስሳ ነው” አሉ። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ችሎት አልመጡም። አንደኛው ሱቄ መጥተው ትንሽ ተቀምጠው ሄዱ።

አንድ ነገር አለ። እናትህን ስናገኛት የግራ እጇ መዳፍ ተቃጥሎ ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተው ነበር። ጤና መኮንኑ ጉዳቱ የክረምት ነው ብሎ ጽፏል። ክረምት ማለት ሽማግሌዎቹ ከመለሷት በኋላ ማለት ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው የምነግርህ።

ችሎቱን ልንገርህ። ዐቃቤ ሕጉ እንድትመሰክር አቀረባት። ዳኛው በኦሮምኛ በአክብሮት፣ “ይኼን ሰው ያውቁታል ወይ?” አሏት ዲሪባን እያሳዩ። ረጅም ጊዜ አየችው። አላውቀውም አለች። የዲሪባ ጠበቃ ይኼን ወዶት ተነሣና፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከቤት የሚወጡት ብሎ ጠየቃት። ለራሷ ደኅንነት ነው የታሰረችው ሊል ነው።

“ልጁ ከትምህርት ቤት አልተመለሰም” አለች።

“የትኛው ልጅ?”

“ዲሪባ። ትንሹ ኢፋ ጀርባዬ ላይ ነው፤ እሱ ግን አልመጣም። መንገዱ መኪና ይበዛበታል።” ከዚያ ወደ ተከሳሹ ሳጥን ዞረች። ሰው የማያውቀውን መንገደኛ እንደሚጠይቀው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ጌታው፣ በዚያ ስትመጣ አላየኸውም?” አለችው።

ዲሪባ እዚያው ቁጭ አለ። ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም አለ።

ተፈርዶበታል። ዳኛው ቃሏን ሳይሆን ፎቶዎቹን፣ ላስቲኩንና ብረቱን ነው የጠቀሱት። ስንቅ የምልክለት እኔ ነኝ፤ ሚስቱ ከክብረ መንግሥት አልተመለሰችም፣ ሰው ደግሞ እስር ቤትም መብላት አለበት። ስወስድለት ሰሃኑን ይቀበለኛል እንጂ ቀና ብሎ አያየኝም።

ስሜን ታነሳለች ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አሁን እኔ ቤት ናት፤ ሲነጋ ነጠላዋን ጀርባዋ ላይ አጥብቃ ታስራለች። ያንተ ነገር እሱ ነው፤ አዝላሃለች።

ከሰዓት በኋላ ትወጣለች። በሩን አልቆልፍም፤ ሱቁን ለልጄ ትቼ እከተላታለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን ልጆቹ ሲወጡ እናያለን። እያንዳንዱን ፊት ታያለች። ሁሉም ወጥተው ዘበኛው በሩን ሲዘጋ፣ “በሌላ መንገድ ገብቶ ይሆናል” ትለኛለች። ያን ካለች በኋላ መያዝም መጎተትም አያስፈልግም። ቀድማኝ ወደ ቤት ትመለሳለች።

ፎዚያ